ማይክሮታሪክ

ማይክሮታሪክ አንድን ሰው፣ አንድን መንደር ወይም አንድን ሰነድ በቅርብ መርምሮ የዘመኑን ሰፊ ገጽታ ለመረዳት የሚጥር የታሪክ አጠናን ስልት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያን ጎልቶ ወጣ። ይበልጥ ያስተዋወቀው የታሪክ ምሁሩ የካርሎ ጊንዝበርግ «አይብና ትሎች» (1976) የተሰኘው መጽሐፍ ነው።

የመጽሐፉ ባለታሪክ ሜኖኪዮ በጣሊያን የፍሪዩሊ አካባቢ ባለ ወፍጮ ነበር። በ1584 በመናፍቅነት ተከሶ ችሎት ቀረበና ወተት ረግቶ አይብ እንደሚሆን ዓለምም እንዲሁ ከትርምስ ረጋች፤ መላእክትም ትል ከአይብ እንደሚወጣ ከዚያ ወጡ ሲል ቃሉን ሰጠ። ጊንዝበርግ ይህን ቃል ሰውዬው ካነበባቸው መጻሕፍት ጋር ጎን ለጎን አስተያየው። ባለ ወፍጮው ያነበበውን በራሱ መንገድ ለውጦ በተረዳበት ቦታ ሁሉ፣ ከጽሑፍ ውጭ የኖረው የገበሬው የቃል ባህል ብቅ ይላል። የስልቱ ትልቅ ጉልበት ይህ ነው፦ ስሕተት የሚመስለው ነገር ዋና ማስረጃ ይሆናል። ሜኖኪዮ በኋላ ዳግም ተከሶ በሞት ተቀጣ።

አንድ ሰው ብዙኃኑን ይወክላል ወይ የሚለው ትችት ተገቢ ነው፤ መልሱም በየሰነዱ ይለያያል።

በኢትዮጵያም እንዲህ በቅርብ ሊመረመሩ የሚችሉ ሰነዶች አሉ፦ በወንጌል ብራናዎች ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የሰፈሩ የርስትና የጉልት ማስታወሻዎች ለመሬት ይዞታ ታሪክ ጠቃሚ ምንጭ ሆነው ያገለግላሉ።