ተንዚንግ ኖርጌይ፤ የኤቨረስት ተራራ መሪ

ስለ ኤቨረስት ተራራ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ጫፉን መጀመሪያ የረገጠው ማን ነው?» እያለ ነው። እኔን ግን ይልቅ የሚያስደንቀኝ ተንዚንግ ኖርጌይ እዚያ ለመድረስ የፈጀበት ዘመን ነው።

ተንዚንግ በ1906 ዓ.ም. ተወልዶ በሂማላያ በሼርፓዎች ዘንድ አደገ። በ1927 ዓ.ም. ዳርጂሊንግ በምትባለው የህንድ ከተማ ሳለ፥ ወደ ኤቨረስት የሚሄዱ እንግሊዞች በተሸካሚነት ቀጠሩት። ሥራውም ድንኳኑንና ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ መውጣት ነበረ። በ1944 ዓ.ም. ከስዊሱ ከሬይሞን ላምቤር ጋራ 8,600 ሜትር ገደማ ከደረሱ በኋላ ጉልበታቸው አልቆ ተመለሱ።

በሚከተለው ዓመት ያደረገው ጉዞ ሰባተኛው ነበረ። ገና ከታች ሳሉ ኤድመንድ ሂላሪ ከበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ወደቀ። በአንድ ገመድ ታስረው ነበርና ተንዚንግ የበረዶ መጥረቢያውን ወዲያው ተክሎ፥ ገመዱን አጥብቆ ይዞ አዳነው። ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 29 ቀን 1953) ሁለቱም 8,848 ሜትር ከፍታ ካለው ጫፍ ላይ ቆሙ። ያን ዕለት ተንዚንግ ላምቤር የሰጠውን ቀይ የአንገት ልብስ አድርጎ ነበረ።

ሂላሪ የ«ሰር» ማዕርግ ሲያገኝ ለተንዚንግ የደረሰው የጆርጅ ሜዳይ ነው፤ ይህ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። እርሱ ግን በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ፥ ቀድሞ የረገጠው ሂላሪ መሆኑን ሳይደብቅ ተናግሯል።

ማንበብና መጻፍ ያልተማረው ይህ ሰው፥ በ1947 ዓ.ም. በዳርጂሊንግ በተከፈተው የተራራ መውጣት ትምህርት ቤት የመስክ ሥልጠና ኃላፊ ሆኖ ብዙ ዓመት አስተማረ። በ1978 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ሞተ።