በእንግሊዝ ለአደራ ቤተሰቦች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍና አፈጻጸሙ

የአደራ ቤተሰብ የሚባለው ከወላጆቻቸው ጋር መኖር ያልቻሉ ሕፃናትን ተቀብሎ በጊዜያዊነት የሚያሳድግ ቤተሰብ ነው። ከጉዲፈቻ የሚለየው የወላጅነት መብትና ግዴታ ወደ ተንከባካቢው ስለማይተላለፍ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም የቤተሰብ ሕጉን አሻሽላ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ካስቀረች ወዲህ፣ በአገር ውስጥ አማራጭ ክብካቤ ላይ ለተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞች የእንግሊዝ አሠራር ትኩረት የሚሻ ነው።

በእንግሊዝ ክፍያው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ለሕፃኑ ምግብ፣ ልብስ፣ መጓጓዣና ለመሳሰሉት ወጪዎች የሚውል አበል ሲሆን፣ መንግሥት ዝቅተኛ ተመኑን በየዓመቱ ያወጣል። እ.አ.አ. በ2025/26 የበጀት ዓመት ተመኑ እንደ ሕፃኑ ዕድሜና እንደ መኖሪያ አካባቢው በሳምንት ከ170 እስከ 299 ፓውንድ ነበር። ሁለተኛው ለተንከባካቢው ድካምና ሙያ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ ነው። ለዚህኛው አገር አቀፍ ተመን ባለመኖሩ አንዳንዱ ተንከባካቢ ጨርሶ አያገኘውም፤ የሥርዓቱ ደካማ ጎንም ይኸው ነው።

ብዙ ያከራከረው የዘመዶች ጉዳይ ነው። የማንችስተር ከተማ ምክር ቤት ለዘመድ ተንከባካቢዎች ከባዕዳን ያነሰ ይከፍል ስለነበር ጉዳዩ ለፍርድ ቀርቦ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.አ.አ. በ2001 አሠራሩ ሕገ ወጥ መሆኑን ወስኗል። አያቱ ዘንድ ያደገ ሕፃን የሚበላውና የሚለብሰው አይቀንስምና ውሳኔው ተገቢ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤትም እ.አ.አ. በ2013 በታወር ሃምሌትስ ጉዳይ ተመሳሳይ መርሕ በአገልግሎት ክፍያው ላይ እንዲሠራ አድርጓል። ይሁንና ውሳኔዎቹ የሚጠቅሙት በአደራ ቤተሰብነት ለጸደቀ ዘመድ ብቻ ነው። በቤተሰብ ስምምነት የልጅ ልጇን የወሰደች አያት ይህን አበል በመብት መጠየቅ አትችልም። ሸክሙ አንድ ሆኖ ሳለ ገንዘቡን የሚወስነው በሰነዱ ላይ የሰፈረው ስያሜ ነው።

የግብር እፎይታውም ቀላል አይደለም። በተጠቀሰው የበጀት ዓመት አንድ ቤተሰብ ከዚህ ሥራ ከሚያገኘው ገቢ 19,690 ፓውንድ፣ በተጨማሪም ከ11 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በሳምንት 415፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 495 ፓውንድ ከግብር ነፃ ነበር። በዚህ ስሌት የ12 ዓመት ልጅ ለ52 ሳምንታት ያሳደገ ቤተሰብ እስከ 45,430 ፓውንድ ድረስ ግብር አይጠየቅበትም። አበሉ በዝቅተኛ ገቢ ድጎማ ስሌት ውስጥ እንደ ገቢ አይያዝም። በአንጻሩ አበል ለሚከፈልለት ሕፃን ሌሎች ወላጆች የሚያገኙት መደበኛ የልጅ ድጎማ አይሰጥም።

አበሉ የሚያበቃው ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ነው። እ.አ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ፣ ወጣቱና ተንከባካቢው ከተስማሙ እስከ 21 ዓመት አብረው እንዲቆዩ የአካባቢ ምክር ቤቶች ድጋፍ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ የድጋፉን ዝቅተኛ መጠን ግን አልወሰነም።