ጥቅሻና ጥቅስ

«ጠቀሰ» የሚለው ግሥ ሁለት ልጆች አሉት፤ ጥቅሻና ጥቅስ። አንደኛው የዐይን ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የመጽሐፍ። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበትን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም።

ዣን ዶሚኒክ ቦቢ የፈረንሳዩ «ኤል» መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ስትሮክ ጣለው። አእምሮው ሙሉ ሆኖ ሳለ አካሉ ደነዘዘ፤ አንገቱን ጥቂት ከማንቀሳቀስ በቀር የሚታዘዝለት የግራ ዐይኑ ቆብ ነበር። ሆሄያቱ እንደየአዘውታሪነታቸው ተደርድረው ይነበቡለታል፤ የሚሻው ሲደርስ ይጠቅሳል። እንዲህ እያለ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አስጻፈ። መጽሐፉ በ1997 ታተመ፤ ደራሲው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዐረፈ።

ፈረንሳይኛ 26 ሆሄያት አሉት። የእኛ ፊደል፣ ዲቃሎቹን ሳንጨምር፣ 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና መቁጠር ይቀናኛል፤ ስሌቱ እንደሚመስለው አያስፈራም። አስቀድሞ ቤቱን፣ ቀጥሎ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ቢጠሩለት፣ ለአንድ ሆሄ ከ40 ጥሪ አይበልጥም። መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን የተበጀው የጣት ፊደል የቆመው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ የጣቶች ቅርጽ ቤቱን፣ የእጅ እንቅስቃሴ ከሰባቱ አንዱን ያመለክታል። ኢንጂነር አያና ብሩም የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ ፊደሉን ቆራርጠው ቅጥያዎቹን ለብቻ ማኖር ግድ ሆኖባቸው ነበር። የፊደሉ መልክ ተጎዳ ብለው የወቀሷቸው አልጠፉም፤ እኔ ግን ማመስገኑ ይቀለኛል።

የዐይን መከታተያው መሣሪያ ደግሞ ጠሪ አያሻውም። ኢንፍራሬድ ጨረር ወደ ዐይን ይለቅቃል፤ ካሜራው ነጸብራቁን ከብሌኑ ጋር አስተያይቶ ሰውየው ሰሌዳው ላይ የት እንዳተኮረ ያሰላል። በአንድ ሆሄ ላይ ለአፍታ መቆየት ያንን ሆሄ እንደ መጫን ይቆጠራል። በየኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ስንደዶው ወደ ዐይን ተዛወረ እንጂ ቆጠራው ያው ነው። ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፣ ሰሌዳውን በአማርኛ ማሰናዳት ይቻላል። (በንባብ ጊዜ የዐይንን አካሄድ ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ ፓሪሳዊው ሐኪም ኤሚል ዣቫል፣ በኋላ ራሱ ዐይነ ስውር ሆነ፤ በ1903 ለዐይነ ስውራን ምክር የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ።)

እዚህ ግራና፣ በእኔ መስኮት በኩል፣ መፈረም የማይችል ደንበኛ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አሻራውን ያኖራል። ክንዱ የማይታዘዝለት እንደ ሆነ ልጁ ጣቱን ይዛ ታሳርፍለታለች። አሻራው የእርሱ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ፈቃዱን ግን ቀና ብዬ ከዐይኑ ለማንበብ እሞክራለሁ።