የአንኮበሩ ንጉሥና የሚጨፍሩት አሻንጉሊቶች

እስቲ ቀረብ በሉ፣ የሸዋን ጉድ ላውራችሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን ግን ዋናውን ጉድ የሚያዩት ጥቅምት ላይ ነው። ሃሎዊን ይሉታል። በፈረንጅ ኦክቶበር 31፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ የማርያም ዕለት መሆኑ ነው። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በየደጁ የፕላስቲክ አጽም ተንጠልጥሎ፣ የጎማ ሸረሪት ተጋድሞ ይጠብቃታል። ልጇ ደግሞ በርካሽ የተገዛ፣ ባትሪ ሲገባለት የሚስቅ የራስ ቅል ይዞ «እማዬ፣ ይሄን በር ላይ እንስቀለው» ይላታል። በስመ አብ ብላ ታማትባለች። ከዚያ ምን ታድርግ፣ ትሰቅልለታለች።

እንዲህ ያለ የማይበላ የማይለበስ ብልጭልጭ ማከማቸት የፈረንጅ አገር አመል ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አንኮበርን አያውቅም።

የአንኮበሩን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ታውቋቸዋላችሁ፣ የምኒልክ አያት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ገዝተዋል፤ ያረፉትም ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ዐይናቸው ታሞ ጠፍቷል፤ በቀረችው ግን የማያዩት ነገር አልነበረም። ከአንኮበር ቁልቁል ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ከታጁራና ከሐረር የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ያራግፋል፤ አሞሌው ይቆጠራል፣ የማርትሬዛ ብር ይመዘናል፣ ዶቃና መስታወት ይዘረጋል። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ሁሉ ወሬው ሽቅብ ወጥቶ ንጉሡ ጆሮ ሳይደርስ አያድርም።

ታዲያላችሁ፣ ይህን እንግዳ ዕቃ የመውደድ አመላቸውን እንግሊዞች ሰሙ። በ1841፣ በእኛ 1833 መሆኑ ነው፣ ካፒቴን ሐሪስ የሚባል መኮንን ከቦምቤ ተላከ። ታጁራ ላይ ወረደ፤ ግመሎቹን ጭኖ የአሳልን የጨው ሐይቅ አቋረጠ፤ እሳት የሚተፋ አገር ነው። ሌሊት ተኝተው ሳለ ሦስት ሰዎቹ ታረዱበት። ሣጥኖቹ ግን አልተነኩም። ሣጥኖቹ ውስጥ ምን ነበር መሰላችሁ? የሙዚቃ ሣጥን፣ በየሰዓቱ የሚያንቆረቁር ሰዓት፣ የካሽሚር ሻል፣ የአዳራሽ ሙሉ ስጋጃ፣ ደግሞ የቻይና ሰው የሚመስሉ፣ የሚጨፍሩ አሻንጉሊቶች! ለአሻንጉሊት ሲሉ በረሃ ላይ መሞት፤ እኔ እስካሁን ይገርመኛል።

ሐምሌ ላይ፣ ክረምቱ በጉም አፍኖት ሳለ፣ አንኮበር አካባቢ ደረሱ። ንጉሡ በአዳራሻቸው ተቀበሏቸው። ስጋጃው ተነጠፈ፣ ሻሉ ተዘረጋ፤ አሻንጉሊቶቹ ተራ በተራ እየወጡ ጨፈሩ፤ የሙዚቃው ሣጥን የእንግሊዝን ንግሥት መዝሙር ዘመረ። መኳንንቱ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ንጉሡም ደስ አላቸው፣ አልዋሽም። ነገር ግን ፊታቸው በደንብ የፈካው ከዚያ በኋላ ነው፤ 300 ነፍጥ ከነሳንጃው መጥቶ እግራቸው ሥር ሲከመር። ቀጥሎ ማዶ ገደሉ ላይ ጨርቅ ተሰቅሎ በመድፍ ሲበጣጠስ አዩ።

ሐሪስ በኋላ መጽሐፍ ጽፎ በንጉሡም በመኳንንቱም የልጅ አድናቆት ሲቀልድ ይታያል። ይቀልድ። በመጣ ዓመት ሳይሞላው፣ በእኛ ኅዳር 1834፣ የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈረመለት፤ ውሉ ግን ብዙም ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሮሼ ዴሪኩር የሚባለው ፈረንሳዊም የራሱን ውል አስፈርሞ ሄደ። ይኸው ፈረንሳዊ ቀደም ሲል የባሩድ መፍጫ አምጥቶላቸው ነበር። ነፍጡ ከእንግሊዝ፣ የባሩድ መፍጫው ከፈረንሳይ! እንግዲህ በአሻንጉሊት የተታለለው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

አንድ ነገር ግን ለንጉሡም አልሆነላቸው። ድሜጥሮስ የሚባል አልባኒያዊ የእጅ ባለሙያ ቤተ መንግሥታቸው ነበር፤ በውኃ የሚዞር የእህል ወፍጮ ሠራላቸው። ካህናቱ አይተው የሰይጣን ሥራ ነው አሉ፤ ወፍጮው ቆመ። የሚጨፍረው አሻንጉሊት ሰይጣን አልተባለም እኮ! የሚፈጨው ነው ሰይጣን የተባለው። የሸዋ ሴት ግን መጅና ወፍጮዋን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ መፍጨቷን ቀጠለች፤ እሷን የጠየቃት የለም።

ምኒልክ አንጎለላ ላይ በእኛ በ1836 ተወለዱ። አያታቸውን ያወቁት በሕፃንነት ቢሆንም አመላቸውን ሳይወርሱ አልቀሩም፤ ስልኩ፣ ፎቶ ማንሻው፣ አውቶሞቢሉ፣ ያልሞከሩት የለም። ሰይጣኑም አብሮ ተወረሰ፤ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የንግሥት ቪክቶሪያ ነገር ነው። በፈረንጅ 1898 ድምጿን በሰም ጥቅል አስቀርጻ ለምኒልክና ለጣይቱ ላከች። ንጉሠ ነገሥቱ ደጋግመው ሰሙት፤ ለክብሯም መድፍ አስተኮሱ። ከዚያ በንግሥቲቱ ፈቃድ ጥቅሉ ተሰበረ፤ ድምጿ በሰው እጅ እንዲቀር አልወደደችም። ምኒልክና ጣይቱም በተራቸው ተናግረው መልስ ላኩ። ይህኛውን ግን እንግሊዞቹ አልሰበሩትም። ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ዛሬም አለ፤ መስማት የሚፈልግ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ።