የናፍጣ ባቡር በጠረጴዛ ላይ

አሜሪካ ውስጥ በአሮጌ ሞዴል ባቡር ገበያ ዓይኑ የሠላ ሰብሳቢ፣ ቀይና ብርማ ቀለም የተቀባውን የሳንታ ፌ ባቡር ድርጅት የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲያገኝ መጀመሪያ ቀለሙን አያደንቅም። ገልብጦ ሆዱን ያያል። ላዮኔል የተባለው የኒው ዮርክ ኩባንያ በ1948 ያወጣው ይህ ሞዴል ጡሩንባ ነበረው። ጡሩንባው የሚጮኸው ውስጡ በሚገባ አንድ ወፍራም ባትሪ ድንጋይ ነው። የገና ሰሞን ሲያልፍ ባቡሩ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል፤ ባትሪ ድንጋዩን ማውጣት ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ድንጋዩ ይፈስሳል፣ ፈሳሹም ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ሆዱ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሳንታ ፌ እንግዲህ ጠንቃቃ ቤት ውስጥ ያደገ ነው።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ የናፍጣ ባቡሮችን የሚሰበስቡና ለሰው የሚያሳዩ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም፤ ታሪካቸውም ከእውነተኛው ባቡር ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በእኛ ቋንቋ “የናፍጣ ባቡር” ማለት ምንም አይከብድም። “ባቡር” ራሱ እንፋሎት ከሚል የአውሮፓ ቃል በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው፤ እንፋሎቱ ሲቀር ስሙ ቀረልን፣ እህል የሚፈጨውንም ሞተር ባቡር አልነው። ለፈረንጅ ባቡር ወዳጆች ግን የእንፋሎትና የናፍጣ ልዩነት ለብዙ ዓመታት የሚያኳርፍ ጉዳይ ነበር።

ባቡርን አሳንሶ መሥራት በሰፊው የተጀመረው ለገበያ ነው። በጀርመኗ ጎፒንገን ከተማ በ1859 የተመሠረተው ማርክሊን መጀመሪያ ይሠራ የነበረው ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን የወጥ ቤት ዕቃ ነበር። በ1891 ላይፕሲሽ ላይ በተደረገው ትርኢት በሞላ የሚሄድ ባቡር ስምንት ቁጥር በሚመስል ሐዲድ ላይ አቀረበ። ብልሃቱ ከባቡሩ ይልቅ ልኩ ላይ ነበር። የሐዲዱ ስፋት የተወሰነ ስለሆነ፣ ዘንድሮ የተገዛ ፉርጎ አምና ከተገዛው ጋር ይገጥማል፤ ለከርሞ ድልድይ፣ ከዚያ ጣቢያ ይጨመራል። መሰብሰብ የሚባለው ልማድ የተወለደው እዚህ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ማሳየትም ብዙ ሳይቆይ መጣ። ጆሹዋ ላዮኔል ካወን የተባለ የኒው ዮርክ ወጣት በ1901 ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ክፍት የእንጨት ፉርጎ ሥር አስገብቶ ለአንድ የማንሃተን ሱቅ ሸጠ። ዓላማው ፉርጎው ዕቃ ጭኖ በሱቁ መስኮት ውስጥ ሲዞር አላፊ አግዳሚው ቆሞ እንዲያይ ነበር። ሰው በእርግጥ ቆመ፤ ግን ሊገዛ የፈለገው የተጫነውን ዕቃ ሳይሆን ፉርጎውን ነው። ላዮኔል ኩባንያ ሀብቱን ያገኘው ከዚያ መስኮት ነው።

ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን አውግስቡርግ ላይ አሳክቶ ያስነሳው በ1897 ነው፤ በ1913 ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ከመርከብ ላይ ጠፍቶ ሲሞት ግን ባቡር በሞተሩ ሲጎተት ገና በወጉ አላየም። ነገሩ የተለወጠው ግንቦት 26 ቀን 1934 ነው። ዜፊር የተባለ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የበርሊንግተን ባቡር ጎሕ ሲቀድ ከዴንቨር ተነሥቶ፣ የትም ሳይቆም፣ በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ቺካጎ ገባ። መንገዱ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባቡሩ ያረፈውም ጣቢያ ላይ አልነበረም፤ በከተማው ይካሄድ በነበረው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን መድረክ ላይ በሕዝብ ፊት ወጣ። ትልቁም ባቡር እንደ ትንሹ ለመታየት የተሠራ ነበር።

በዚያን ጊዜ ላዮኔል በኢኮኖሚው ድቀት ተመትቶ በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ እጅ ነበር። ሚኪ ማውስና ሚኒ ማውስ እየተፈራረቁ የሚገፏት፣ ዋጋዋ አንድ ዶላር የሆነ የሐዲድ ጋሪ ከ250,000 በላይ ተሸጣ ኩባንያውን በማትረፍ ስሟ ይነሣል። እኔ ግን በዚያው ሰሞን ያወጣቸውን ለስላሳ አካል ያላቸውን አዳዲስ ባቡሮች አብልጬ አያለሁ። ከ1934ቱ የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር ቀጥሎ ናፍጣ የሚጠጣው የፍላይንግ ያንኪ ሞዴል በ1935 ሱቅ ደረሰ። እውነተኛው ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት ልጆች ወለል ላይ ነዱት።

በኅዳር 1939 ጄኔራል ሞተርስ 103 ቁጥር የተሰኘ፣ አራት ክፍል ያለውና 5,400 የፈረስ ጉልበት የሚያመነጭ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ለሙከራ ላከ። በ11 ወር ውስጥ በ20 የባቡር ድርጅቶች ሐዲድ ላይ ከ134,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ቶሎ ብሎ ለጭነት የገዛው ሳንታ ፌ ነው፤ ምክንያቱም ውኃ ነበር። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ውኃ ይጠጣል፣ የሳንታ ፌ መስመር ደግሞ በረሃ ያቋርጣል፤ የናፍጣው ሞተር ከዚያ ጣጣ ገላገለው። የመንገደኛ ባቡሮቹን ቀይና ብርማ መልክ በ1937 የነደፈው የጄኔራል ሞተርስ ሠዓሊ ሊላንድ ኒከርቦከር ነው። ላዮኔል የ1948ቱን ሞዴል ሲያወጣ የቅርጽ ማውጫውን ወጪ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሳንታ ፌና ኒው ዮርክ ሴንትራል የተባለው ሌላ የባቡር ድርጅት ተጋርተውታል። ለአንድ መጫወቻ ገንዘብ ያወጡት ልጅ የወደደውን ባቡር ሲያድግ እንደሚሳፈርበት ስላወቁ ነው። ሞዴሉ በሁለቱ ድርጅቶች ቀለም ወጣ፤ ልጆቹ የመረጡት የሳንታ ፌን ነው። ግራጫው ኒው ዮርክ ሴንትራል በሽያጭ አልደረሰበትም።

እዚህ ላይ ስለ ናፍጣ ባቡር ሞዴል ዋናው ነገር ይገለጣል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አካሉ ሁሉ ውጭ ነው፤ ክንዱ ይሄዳል ይመለሳል፣ ጎማው ይታያል፣ ጭሱ ይወጣል። የናፍጣው ግን ዝግ ሣጥን ነው። የሚያሳየው ቀለሙን፣ ቁጥሩን፣ መወጣጫውንና የእጅ መያዣውን ብቻ ነው። ስለዚህ የናፍጣ ባቡር ሰብሳቢ በብዛት የሚሰበስበው ቀለም ሆነ። ለአምራቹም ተመቸው፤ አንድ ቅርጽ አውጥቶ በሃያ ድርጅት ቀለም ይሸጣል። መደርደሪያው ላይ አንድ ዓይነት ሎኮሞቲቭ በአሥራ አምስት መልክ የደረደረን ሰው ያየ እንግዳ “ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?” ይላል። ሰውየው ግን የፈረሱ፣ የተዋሐዱ፣ የተሸጡ ድርጅቶችን ስም ዝርዝር እያሳየው ነው። ከእነዚያ ድርጅቶች ብዙዎቹ ዛሬ ቀለማቸው የሚታየው እንዲህ ባለ መደርደሪያ ላይ ነው።

ባለጠጋ ላልሆነው ሰው በሩን የከፈተው ካሊፎርኒያዊው ኧርቪን አተርን ነው። በ1950ዎቹ በ1 ለ 87 መጠን የፕላስቲክ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በርካሽ ማቅረብ ጀመረ። አንዳንዶቹ ጎማቸው በጥርስ ሳይሆን በላስቲክ የሚዞር ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ይፈተለካሉ። በጥርስ የሚሠሩት የተሻሉ ነበሩ፣ ግን ሞተሩ አልገባ ስላለ የሞተሩ መሸፈኛ ከእውነተኛው ልክ ሰፍቶ ተሠራ። ያን ጊዜ የገዙት ልጆች አድገው ልኬት ሲማሩ ስሕተቱን አዩ፤ አንዳንዱ በመጋዝ መሐሉን ሰንጥቆ፣ አጥብቦ፣ መልሶ አጣበቀው። በ1980ዎቹ የጃፓኑ ካቶ ቀጭን ሞተር ይዞ ሲመጣ፣ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ ክብ ነሐስም ሲገባበት፣ ሎኮሞቲቩ ያለ ዝላይ በዝግታ ይነሣ ጀመር። ለኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ደስታ ይኸው ዝግታ ነው። ጎማው መዞሩን ዓይን እስኪጠራጠር ድረስ ቀስ ብሎ የሚነሣ ሎኮሞቲቭ፣ ትልቁን በርቀት የማየትን ስሜት ይሰጣል።

እንግሊዝ አገር ናፍጣ የተወደደው ዘግይቶ ነው። መደበኛው የእንፋሎት አገልግሎት በነሐሴ 1968 መጀመሪያ ሲያበቃ ብዙ ሰው የናፍጣውን ሎኮሞቲቭ እንደ ገዳይ አየው። የእንግሊዙ ሞዴል ሠሪ ሆርንቢ ደብሎ የዴልቲክን ሞዴል ያቀረበው በ1961 ነው፤ እውነተኛው 22 ብቻ የተሠራ፣ ከለንደን ወደ ኤድንብራ የሚገሰግስ ኃይለኛ ሎኮሞቲቭ ነበር። በጣቢያው ዳር ቁጥር እየመዘገቡ ያደጉት ልጆች ግን ከዴልቲክ ሌላ አላወቁም። ጥር 2 ቀን 1982 የመጨረሻው ጉዞ ሲደረግ መንገዱን ዳር እስከ ዳር ሞልተው ሸኙት፤ ከ22ቱ ስድስቱ እስካሁን ተጠብቀው አሉ። ሰው የሚወደው በልጅነቱ ያየውን ባቡር ነው፤ ገዳይ የተባለውም አንድ ትውልድ ሲያልፍ ይለቀስለታል።

ሰብሳቢዎቹ እርስ በርሳቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ካርቶኑ ሳይቀደድ፣ ሐዲድ ሳይነካ እንዲቆይ ይፈልጋል። በ1954 ፔንስልቬንያ ውስጥ የተመሠረተው የባቡር ሰብሳቢዎች ማኅበር የዕቃዎቹን ይዞታ በደረጃ ከፍሎ አስቀምጧል፤ ዋናው ካርቶን አብሮት ካለ ዋጋው ይወጣል። ሌላው ወገን አዲሱን ሎኮሞቲቭ ገዝቶ በዚያው ሳምንት ያስረጀዋል፦ ጣሪያው ላይ ጥላሸት፣ ጎኑ ላይ የዝናብ መስመር፣ ጎማው አጠገብ የመንገድ አቧራ በስስ ቀለም ይረጫል። የመጀመሪያው ይህን ሲያይ ያመዋል። እኔ ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ባቡር መሄድና መቆሸሽ አለበት። ያም ሆኖ የ1948ቱ ቀይ ምን ያህል ቀይ እንደነበር ዛሬ የምናውቀው ካርቶኑን ባልከፈቱት ሰዎች ነው። ደግሞም ካርቶን ሁሉን አያድንም። ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ አሮጌ አካል፣ ሲቀልጥ እርሳስ ገብቶበት ከነበረ፣ ማንም ሳይነካው ከውስጥ እየተሰነጠቀ ይፈራርሳል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲጂታል መቆጣጠሪያ መጣ። በፊት አንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ሎኮሞቲቮች ሁሉ ለአንድ ኤሌክትሪክ ይታዘዙ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ከእውነተኛው የተቀዳ የሞተር ድምፅም በሆዱ ገባ። በዚህ ሥራ ከደከሙት አንዱ ሙዚቀኛው ኒል ያንግ ነው። እጁን እንደ ልቡ ማዘዝ ለማይችለው ልጁ ባቡር መንዳት የሚያስችል መቆጣጠሪያ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በ1995 ላዮኔልን ከገዙት ባለሀብቶች አንዱ ሆነ። በማሳየት በኩል ደግሞ ሁሉን ያስከነዳው ሐምቡርግ ነው። መንትዮቹ የብራውን ወንድማማቾች በ2001 የከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ከ1,000 በላይ ባቡሮች ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ሐዲድ ላይ ይሄዱበታል።

ሞዴል ሠሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ፎቶ የጣሪያ ፎቶ ነው። እውነተኛውን ባቡር ከመሬት ሆነን ቀና ብለን እናየዋለን፤ ሞዴሉን ግን ጠረጴዛ ላይ ስለሚሄድ ከላይ ነው የምናየው። ማራገቢያው፣ የጭስ መውጫው፣ ጡሩንባው ያሉት እዚያ ነው፤ ፎቶ አንሺ ሁሉ ደግሞ የሚያነሣው ከጎን ነው። የፋብሪካው ንድፍ ቢገኝም፣ በኋላ ጠጋኞች የጨመሩትን አያሳይም።

እኛም የናፍጣ ባቡር ታሪክ አለን። 784 ኪሎ ሜትር የሆነው፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ከ1950ዎቹ ጀምሮ እንፋሎቱን በናፍጣ ተክቷል፤ በ2016 ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል። የምድር ባቡር ሠራተኞች ዘመናቸውን ሙሉ ሲጠግኗቸው ከኖሩት አሮጌ ሎኮሞቲቮች የቀሩት ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። በሩን፣ መስኮቱን፣ መወጣጫውን ለኩ፣ ከቀለሙ ሥር ያለውን ቀለም ተመልከቱ። ስትወጡም መሰላል አስደግፋችሁ ጣሪያውን ፎቶ ማንሣት አትርሱ።