እርከንና መንግሥት በኢትዮጵያ
በኢትዮጵያ ደጋ የአፈርና ውሃ ጥበቃ የመንግሥት ዘመቻ የሆነው ከ1965–66ቱ የወሎ ረኀብ በኋላ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጋር የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ነዋሪውን ለእርከን ሥራ ያስወጡ ነበር፤ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ የቀን ክፍያው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ካቡ የት እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን ባለማሳው አልነበረም። ካብ ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፣ ጥማድ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፣ አይጥም ይጠለልበታል። ማሳው ነገ ለሌላ ሊደለደል የሚችል ገበሬ ከዓመታት በኋላ ለሚገኝ ጥቅም ለምን ይልፋ? በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በየቦታው እርከን ፈረሰ፣ የተከለለ ደን ተመነጠረ። ኮንሶዎች ግን የመንግሥት ትእዛዝ ሳይጠብቁ ለዘመናት ሲክቡት የኖሩት እርከን ጸንቶ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።