የድረ ገጽ ንድፍ አጭር ታሪክ፤ መሠረቱ፥ ልማዱና ወሰኑ

የድረ ገጽ ንድፍ ማለት በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የሚታየውን ጽሑፍ፥ ሥዕልና ወደ ሌላ ገጽ መሸጋገሪያውን በሥርዓት መደልደል ነው። ሥራው ከማተሚያ ቤት ሥራ ጋር የሚመሳሰል ይመስላል። ዳሩ ግን የታተመ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ መልኩ አይለወጥም፤ ድረ ገጽ ግን መልኩን የሚይዘው ከአንባቢው ዘንድ ሲደርስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ንድፍ አውጪዎች ከዚህ ጠባይ ጋር ሲታገሉ ምን እንዳተረፉና ምን እንዳጡ፥ የእኛም ፊደል በዚሁ መካከል ምን እንደ ደረሰበት ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በዤኔቭ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሴርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ድርጅት ነው። በ1989 ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ተበትኖ የነበረውን ጽሑፍ በአንድ መረብ ለማገናኘት አሳብ አቀረበ፤ በ1990 መጨረሻም የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ሠራ። የገጹ ቋንቋ ኤችቲኤምኤል ይባላል። ይህ ቋንቋ «ይህ ርእስ ነው፤ ይህ አንቀጽ ነው» እያለ የየክፍሉን ተግባር ይናገራል እንጂ የገጹን ስፋት ወይም የፊደሉን ዓይነት አይወስንም ነበር። ይህን የሚወስነው በአንባቢው ኮምፒዩተር ያለው ማሰሻ፥ ይኸውም ገጹን ተቀብሎ የሚያሳየው ፕሮግራም ነበረ። ስለዚህ አንዱ ጽሑፍ በማናቸውም ዓይነት ኮምፒዩተር ሊነበብ ቻለ።

በ1993 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሞዛይክ የተባለ ማሰሻ ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ ስላሳየ ብዙ ሰው ወደደው። ነጋዴውም ጋዜጠኛውም ወደ መረቡ ሲገባ እንደ መጽሔት ያማረ ገጽ ፈለገ። ቋንቋው ግን ለዚህ አልተዘጋጀም ነበርና፥ ቁጥር ለመደርደር የታሰበውን ሠንጠረዥ ገጹን በዓምድ ለመክፈል ተጠቀሙበት፤ ባዶ ቦታ ለመያዝም የማይታይ ሥዕል መሰካት ጀመሩ። መልኩ በእርግጥ አማረ። ይሁን እንጂ ገጹ ከበደ፥ ለማረምም አስቸጋሪ ሆነ፤ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም የሚረዱ ዓይነ ስውራንም የቃሉ ተራ ተፋለሰባቸው።

ለዚህ ችግር በ1994 ሆኮን ቪዩም ሊ የተባለ ኖርዌያዊ የገጹን መልክ ከይዘቱ ለይቶ የሚጽፍ ደንብ አቀረበ። ደንቡ ሲኤስኤስ ተብሎ በ1996 ጸደቀ፤ ነገር ግን የማሰሻ ሠሪዎች በየፊናቸው ስለ ተረጐሙት በቶሎ አልተስማማም። በዚያው ዘመን ፍላሽ የተባለው ዘዴ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ድምፅ ይዞ መጣ። በ2007 የወጣው አይፎን ግን አልተቀበለውም፤ ባለቤቱ አዶቤም በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቆመ። በፍላሽ ብቻ የተሠሩ ገጾች ከዚያ ወዲህ በተራ ማሰሻ አይከፈቱም። በ2010 ኢታን ማርኮት የተባለው አሜሪካዊ ንድፍ አውጪ አንዱ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል የሚያደርገውን አሠራር በጽሑፍ አስረዳ። ይህም በአዲስ ዘዴ ወደ መጀመሪያው አሳብ መመለስ ነበር።

የአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ የዚህን ነገር ክብደት አጉልቶ ያሳያል። በ1990ዎቹ የተለመደው የፊደል ሰሌዳ 256 ቦታ ብቻ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፥ 20ው የግእዝ አኃዝና ነጥቦቹ ሲጨመሩ በአንድ ሰሌዳ አይበቁም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በራሱ ተራ ደለደለ። የዚያ ሠሪ ፎንት የሌለው አንባቢ በአማርኛው ፈንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ያይ ነበር። አንዳንዶች ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርገው አወጡት፤ መልኩ ዳነ፥ ነገር ግን ከውስጡ ቃል መፈለግም መቅዳትም አልተቻለም። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደል የማይለወጥ ቁጥር ሰጠ። ኋላም ፎንትን ከገጹ ጋር መላክ ስለ ተቻለ ችግሩ ቀለለ፤ ሆኖም የፎንቱ ክብደት መረቡ ደካማ በሆነበት ስፍራ ገጹን ያዘገያል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ መልክን ለማዳን ሲባል ጽሑፉን በአንድ መሣሪያ ላይ ያሰረ ዘዴ ከመሣሪያው ጋር እንደሚያልፍ ነው። ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ በልዩ ልዩ ሰሌዳ የተጻፈ አማርኛ ወደ ዩኒኮድ ካልተዛወረ፥ ፎንቱና የሰሌዳው ተራ ሲጠፉ የሚያነበው አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱም በእጅ ሳሉ ጽሑፎቹን ሰብስቦ ማዛወር ለታሪክ ተማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው።